ሰማያዊው ላይ የወጣው ሞገድ

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ዶክተሯ ዛሬ ሁለት ደብተር ሰጠችኝ። "ጋሼ፣ አንዱ ለሥራው ነው። ስንት ሰከንድ እንደረጩ፣ ከምን ያህል ርቀት፣ አየሩ ምን ይመስል እንደነበር ይጽፉበታል። ሁለተኛው ያኛው ሲያልቅ ነው" አለችኝ። ያኛው ቶሎ የሚያልቅ አይመስለኝም፤ የእኔ የሥራ ጽሑፍ በቀን ሦስት መስመር ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ለራሴ አደረግኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት መኪና ስቀባ ኖሬ ስለ ቀለም አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። እዚህ የማየውን ግን ለሰው ባወራ ማን ያምነኛል? ለወረቀት ላውራው።

ዶክተሯ ያገኘችኝ ጋራዥ ነው። የተላተመ የመኪናዋን በር ቀብቼ ስመልስላት የትኛው በር እንደነበረ ፈልጋ አጣችው። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣችና "እጅዎን ለጥቂት ወራት ያውሱኝ" አለችኝ። ሚስቴ ይህን ስትሰማ "እጁን ብቻ? ሌላውንም ውሰጂው፣ ቤት አጣቦብኛል" አለቻት። ይኸው መጣሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። በቀኝ እጄ አንድ መርጫ፣ በግራ እጄ አንድ መርጫ እይዛለሁ። በሁለቱም ውስጥ ያለው ፈሳሽ ውሃ ይመስላል። ዶክተሯ እንደምትለው ግን ዓይን የማያየው ረጃጅም ክር አለበት፤ ፖሊመር ትለዋለች። የቀኙ ክር ፕላስ ነው፣ የግራው ማይነስ። አንድ ጠርሙስ ውስጥ ቢደባለቁ እንደ ተበላሸ ወተት ይረጋሉ። ጉም ሆነው መጥተው መስተዋት ላይ ሲገናኙ ግን ተያይዘው ይቀራሉ። በላያቸው ሌሎች፣ በነዚያ ላይ ሌሎች። ቀማሚዋ "ባልና ሚስት ናቸው። አንድ ክፍል ውስጥ ብትዘጋባቸው ይጣላሉ፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ ይፋቀራሉ" ትላለች። ቀማሚዋ ፈሳሾቹን መዝና የምታዘጋጅልን ሴት ናት፣ በዕድሜ እኩያዬ ነች። ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመት ስለሆነው ስለ ባልና ሚስት እንዳሻት ትቀልዳለች፣ የሚቆጣት የለም።

መስተዋቱ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል፤ ጎበጥ ያለ ሌንስ ነው። ሐኪሞች ሰውነት ውስጥ የሚያስገቡት ቀጭን ካሜራ ጫፍ ላይ ይገጠማል። የሰው ሙቀት ሲያገኘው ጉም ይለብሳል፤ እንግዲህ ቢላ የያዘ ሰው ዓይኑ ፊት ጉም! የእኛ ሽፋን ጉሙን ይከለክላል። እስከ ነሐሴ መጨረሻ አርባ መስተዋት ማድረስ አለብን። ካላደረስን ይህ የምርምር ክፍል ይዘጋል፤ ካደረስን ምናልባት ሁለቱንም አንድ ላይ የሚረጭ ማሽን ይገዛልናል። እስከዚያ ማሽኑ እኔ ነኝ።

ሰኔ 6፣ ሐሙስ

ዛሬ አራተኛውን ረጨሁ።

በእያንዳንዱ መስተዋት አጠገብ አንድ ጥቁር ሰሌዳ እናቆማለን፤ አብሮ ይረጫል። መስተዋቱ ላይ ሽፋኑ አይታይም። ጥቁሩ ላይ ግን በቀለም ይናገራል። "ምስክር" ነው የሚሉት። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ቡኒ ይመጣል፣ አዲስ የተላገ እንጨት ዓይነት። ቡኒው ሳታስተውለው ወይን ጠጅ ሆኖ ታገኘዋለህ። አንድ ትንፋሽ ያህል ቆይቶ ደግሞ ሰማያዊ። እዚያ ላይ እናቆማለን። ብንቀጥል ይገረጣል፣ ወርቃማ ይሆናል፣ ከዚያም ሮዝ ይላል፤ ዶክተሯ ግን ሰማያዊው ላይ ይበቃል ብላለች። አንድ ፀጉር ሺህ ቦታ ቢሰነጠቅ አንዷ ስንጣሪ ናት ሽፋኑ።

ጠርሙሱ ውስጥ ቀለም የለም። ጉሙ ውስጥ ቀለም የለም። ሰሌዳው ጥቁር ነው። ታዲያ ሰማያዊው ከየት መጣ? ዶክተሯ "ብርሃኑ ስሱ ሽፋን ውስጥ ገብቶ ሲመለስ ነው" ብላ በወረቀት ሥላ አስረዳችኝ። ገባኝ አልኳት። ወደ ቤት ስሄድ ግን አስፋልቱ ላይ ውሃ ተኝቷል፣ ውሃው ላይ ከመኪና የተንጠባጠበ ዘይት ተኝቷል፤ ያው ቡኒ፣ ያው ወይን ጠጅ፣ ያው ሰማያዊ። ዕድሜዬን ሙሉ ረግጬው ነው ያለፍኩት። ቆሜ ሳይ አውቶቡሱ አመለጠኝ። ቀጣዩም።

ሰኔ 11፣ ማክሰኞ

ሰባት ደረስን። ሰባቱም ንጹህ። ዝናብ፣ ዝናብ። ጠዋት መስኮቱ ሁሉ ጉም ለብሶ ከተማው የሌለ ይመስላል፤ እኔና ሁለቱ ሴቶች ብቻ ደመና ውስጥ ተንሳፍፈን የምንሠራ።

ሚስቴ ሰሞኑን ሻይ ስትቀዳልኝ ብርጭቆውን ግማሽ ላይ ታቆማለች። "ስስት ጀመረሽ እንዴ?" አልኳት። "ሲያልቅ እጨምርልሃለሁ፣ የት ልሄድ ነው?" አለችኝ።

ሰኔ 19፣ ረቡዕ

አሥራ ሁለተኛው ላይ አንድ ነገር ወጣ። በሰማያዊው መሃል ወይን ጠጅ ሞገድ። ጸጥ ያለ ኩሬ በጣት ሲነካ እንደሚሄደው ዓይነት፣ እኩል እኩል ተራርቆ፣ በግራ በኩል። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ለረጅም ጊዜ ዓይኔን ከእሱ መንቀል አልቻልኩም። ግን አይሆንም፤ ሽፋኑ በሳሳበት ቦታ መስተዋቱ ጉም ይይዛል።

ኮምፕሬሰሩ ነው። አርጅቷል፣ ለመርጫዎቹ አየሩን እኩል አይሰጥም።

ሰኔ 20፣ ሐሙስ

ኮምፕሬሰሩን ፈታሁት። ማጣሪያውን አጠብኩ፣ ቱቦውን ቀየርኩ። እንደ አዲስ ሆነ።

አሥራ ሦስተኛው፦ ሞገድ።

ጠረጴዛው ነው። ከታች በመንገዱ ከባድ መኪና ያልፋል።

ሰኔ 25፣ ማክሰኞ

የጠረጴዛውን እግሮች ላስቲክ ላይ አቆምኳቸው። አንዱ ንጹህ ወጣ፣ ሁለቱ ሞገድ ይዘው ወጡ። ዶክተሯ ምስክሮቹን መብራት ሥር ደርድራ ቆይታ "ልኬቱ ነው" አለች። "ፕላሱና ማይነሱ እኩል ካልሆኑ እንዲህ ይዘበራረቃል። የአንዱ ክር ከሌላው በዝቷል።" ይህን ስትል ቀማሚዋን አላየቻትም፣ ቀማሚዋ ግን ሚዛኑን አየችው።

እኔን የጠየቀኝ የለም። ስላልተጠየቅኩ ምንም አላልኩም። ምን ልል? ስለ ልኬት ምን አውቃለሁ?

ሚስቴ የሸሚዞቼን አዝራሮች ሁሉ ቆርጣ ጠቅ ብሎ በሚገጥም መቆለፊያ ተክታቸዋለች። ልብስ ሰፊ ስለሆነች እንዲህ ያለ ነገር ያምራታል። "አሁን ፋሽኑ ይኼ ነው" አለችኝ። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ፋሽን ምን ያደርግለታል? ግን ይቀላል። ጠዋት ጠዋት ስለብስ ይቀላል።

አባቴ በመጨረሻ ዓመታቱ ሾርባ በብርጭቆ ነበር የሚጠጣው። ማንኪያ አልወድም ይል ነበር። ለምን ዛሬ ትዝ እንዳለኝ አላውቅም።

ሐምሌ 1፣ ሰኞ

ቀማሚዋ አሁን ሦስት ጊዜ ትመዝናለች። መዝና ትጽፋለች፣ ሌላ ዕቃ ላይ ገልብጣ እንደገና ትመዝናለች፣ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ገልጣ ቁጥሩን እንደገና ታነባለች። ቀልዷ ጠፍቷል።

ዶክተሯ በስልክ ስታወራ በተከፈተው በር ሰማሁ። "አይ፣ ሰውዬውማ እጁ እንደ ማሽን ነው። ከእሱ አይደለም። ፈሳሹ ላይ ነው ችግሩ።"

ደስ አለኝ። ደስ ያለኝ ጊዜ ቀማሚዋ ከኋላዬ ቆማ ነበር፤ እሷም ሰምታለች። የሰማች መሆኗን አይቼ መርጫ ማጠብ ጀመርኩ። ንጹህ መርጫ ነበር ያጠብኩት።

ሐምሌ 5፣ ዓርብ

ቀማሚዋ የለችም። ልጇ ስለወለደች አራት ቀን ፈቃድ ወጥታለች። ፈሳሹን ዶክተሯ ራሷ መዘነች። እኔ ሆዴን ስላመመኝ ከማክሰኞ ጀምሮ ሻይ የሚባል በአፌ አልዞረም፤ ሌሊቱን ተኝቼ ገና ጎህ ሲቀድ መጣሁ። የግራ ክርኔን ጎኔ ላይ አጥብቄ ይዤ ረጨሁ። ክርንን ጎን ላይ መደገፍ የጀማሪ አያያዝ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ባየው እስቅ ነበር።

ሁለት ረጨሁ። ሁለቱም ንጹህ። እንዴት ያለ ሰማያዊ! ከዝናብ በኋላ ደመናው በአንድ በኩል ሲቀደድ እንደሚታየው። ውስጡ የሚገባበት ቢኖር እገባ ነበር።

ዶክተሯ ግን ፊቷ ጠቆረ። "አዩ አይደል ጋሼ? በእኔ ጠርሙስ ንጹህ ወጣ።"

"አየሁ" አልኳት።

ማየቱን አይቻለሁ። ውሸት አልተናገርኩም።

ሐምሌ 8፣ ሰኞ

ቀማሚዋ ተመለሰች። "የልጅ ልጄ አፍንጫው የሟቹ ነው፣ አሁንም ከቤት አልወጣልኝም ሰውዬው!" ብላ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ። መዝና አቀበለችን። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጥቼ ረጨሁ።

ሞገድ። ከእስከዛሬው ሁሉ የባሰ።

ቀማሚዋ ጠርሙሷን መልሳ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው።

ሐምሌ 12፣ ዓርብ

እስካሁን ሃያ ሁለት ረጭተናል። አሥራ አምስት ንጹህ፣ ሰባት ሞገድ።

ለቀማሚዋ ደብዳቤ ተሰጣት። ከሰኞ ጀምሮ ዕቃ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትሠራው። ፈሳሹን ዶክተሯ ትመዝናለች። ዶክተሯ ደብዳቤውን ስትሰጣት "እትዬ፣ ቅጣት አይደለም፣ እስኪጣራ ነው" አለቻት። ቀማሚዋ ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ጠርሙሶቿን በቁመታቸው ደረደረች፣ ሚዛኑን በጨርቅ ወለወለች። ከዚያ ለእኔ ጨርቁን ሰጠችኝና "መርጫህን ጥረግበት፣ ግራው ያንጠባጥባል" አለችኝ።

ግራው አያንጠባጥብም። አያያዙ ነው።

ይህን ጽፌ ልሰርዘው ነበር። ይቆይ።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ

አውቶቡስ ማቆሚያው ሥር ከቀማሚዋ ጋር ተገናኘን። ዝናቡ ከጣሪያው ጫፍ እንደ መጋረጃ ይወርዳል፤ ከእኛ ወዲያ ምንም አይታይም። ጎን ለጎን ተቀመጥን።

"ዓይኔን ተመረመርኩ" አለችኝ።

"ምን አሉሽ?"

"የወጣት ዓይን ነው ያለሽ አለኝ መርማሪው ልጅ። ደስ የሚለኝ መስሎት።" ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። "ዓይኔ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። መነጽር እገዛ ነበር። ዓይኔ ካልሆነ እንግዲህ ጭንቅላቴ ነው። ሚዛኑ ላይ አንድ ቁጥር አይቼ ሌላ ቁጥር እየጻፍኩ ይሆናል። እናቴን እንዲህ ነበር የጀመራት። መጀመሪያ ቁጥር ጠፋባት፣ ከዚያ ቀን፣ ከዚያ እኔ።"

"ድካም ይሆናል" አልኳት።

"የልጅ ልጄን ማቀፍ ፈራሁ። ብረሳውስ አልኩ። የሆነ ቦታ አስቀምጬው ብረሳውስ?"

አውቶቡሷ መጣ። ስትገባ ዞር ብላ "አንተ ደግሞ ስላደመጥከኝ ተባረክ" አለችኝ።

ግራ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነበር የተቀመጥኩት። ስታወራ በሙሉ፣ ኪሴ ውስጥ።

ሐምሌ 17፣ ረቡዕ

ሕልም። ረጅም ቤት ውስጥ እሄዳለሁ። ከወዲህም ከወዲያም ስስ መጋረጃ፣ አንዱን ስገልጥ ሌላ፣ እሱን ስገልጥ ሌላ። ሁሉም እርጥብ፣ ሁሉም ቀለም አልባ፤ ወደ ኋላ ዞሬ ሳያቸው ግን አንድ ላይ ሆነው ሰማያዊ ናቸው። ከመጨረሻው መጋረጃ ጀርባ ሰው ይቆጥራል። የሴት ድምፅ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እንደገና አንድ። ልገልጠው እጄን ስዘረጋ መጋረጃው ሳልነካው ይርገበገባል፤ ድምፁም ቁጥሩ ይጠፋበታል።

ከሰኞ ጀምሮ አልረጨሁም፤ እስከ ሳምንቱ መጨረሻም አልረጭም። ወገቤን አሞኛል ብዬ ላክሁ። ወገቤ ደህና ነው።

ሐምሌ 21፣ እሑድ

ሚስቴ ልብስ መስፊያዋ አጠገብ አስቀመጠችኝና ግራ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። ዝም ብላ ያዘችው፣ የቀዘቀዘ ወፍ እንደምታሞቅ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?" አልኳት።

"ካምና። ማታ ማታ ስትገባ ቁልፉ በሩ ላይ ሲንኳኳ እሰማ ነበር። ቀዳዳውን እስኪያገኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መጀመሪያ አንተ ለራስህ እስክትነግረው ብዬ።"

ከዚያ ስለ ቀማሚዋ ነገርኳት። ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ዓይን ምርመራው፣ ስለ ሕፃኑ። ሕፃኑ ላይ ስደርስ እጄን ለቀቀችው።

"ስማ" አለችኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ባለ ድምፅ አናግራኝ አታውቅም። "እጅህ መንቀጥቀጡ ያንተ ጥፋት አይደለም። ያቺ ሴትዮ በራሷ ጭንቅላት እንድትሸበር አጠገቧ ተቀምጠህ ዝም ማለትህ ግን ያንተ ነው። ነገ ሰኞ ነው።"

መስፊያዋን መርገጥ ጀመረች።

አሁን ልጻፈው። እጄ ይንቀጠቀጣል። ግራው። ባዶውን ደህና ነው፣ ነገር ሲይዝ ነው። አሥራ ሁለተኛውን ስረጭ አውቄዋለሁ። ኮምፕሬሰሩን ስፈታም አውቅ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሲያየኝ የሚያየው እጄን ነው፤ እሱ ከሄደ እኔ ምን ሆኜ እቀራለሁ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሐምሌ 22፣ ሰኞ

ጠዋት ቀማሚዋን ከማጠቢያ ክፍል ጠራኋት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ዶክተሯንም ጠራሁ።

"አንድ ነገር ላሳያችሁ" አልኩ። "መጀመሪያ እዩ፣ ከዚያ እናገራለሁ።"

ዶክተሯ በመዘነችው ፈሳሽ፣ ክርኔን ሳልደግፍ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ረጨሁ። ቡኒ፣ ወይን ጠጅ፣ ሰማያዊ፣ ሞገድ። ከዚያ የግራውን መርጫ ብረት ማቆሚያ ላይ አሰርኩት። ቀማሚዋ ከመሄዷ በፊት የመዘነቻቸው ሁለት ጠርሙሶች መደርደሪያው ላይ ስሟ ተለጥፎባቸው ቆመው ነበር፤ ከእነሱ ሞላሁ። በቀኜ ብቻ እየተቆጣጠርኩ ሌላ ሰሌዳ ረጨሁ። ሰማያዊ። ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ።

ሁለቱን ሰሌዳዎች ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸውና ግራ እጄን ባዶ ጠርሙስ አስይዤ ዘረጋሁት። ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ተንኳኳ።

"ይኼ ነው" አልኩ። "ፈሳሹ ሁልጊዜም ትክክል ነበር።"

ዶክተሯ ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። "ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?"

"የተዋስሽውን እጅ የምትመልሺው መስሎኝ።"

"ደብዳቤውን የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ" አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለጠረጴዛው። "በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት።"

ቀማሚዋ ንጹሁን ሰሌዳ አንስታ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታን ለረጅም ጊዜ አየችው። ስትዞር ፊቷ ላይ የነበረውን ልገልጸው አልችልም። እፎይታው ከቁጣው ቀድሞ ነበር የመጣው፤ ከዚያ ቁጣው ደረሰበት።

"ስንት ሳምንት ነው?" አለችኝ።

"አምስት።"

"አምስት ሳምንት። ያን ቅዳሜ እዚያ አውቶቡስ ማቆሚያ ሥር ስለ እናቴ ስነግርህ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ድካም ይሆናል አልከኝ።"

"አልኩሽ።"

"ተባረክ አልኩህ!" ብላ ጮኸች። ሰሌዳውን ልትወረውረው መስሎኝ ነበር። ቀስ ብላ ቦታው ላይ አስቀመጠችው፣ የሰው ሥራ ስለሆነ አይደለም፣ የራሷ ስለሆነ። ከዚያ ሚዛኑ ወዳለበት ሄዳ የተሸፈነበትን ጨርቅ ገፈፈችና መመዘን ጀመረች። አንድ ጊዜ ብቻ መዘነች።

ሐምሌ 24፣ ረቡዕ

ሚስቴ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጠመዝማዛ አስሳለኝ፣ ውሃ ከብርጭቆ ብርጭቆ አስገለበጠኝ፣ ስለ አባቴ ጠየቀኝ። ስለ ሾርባው ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። በዘር የሚሄድ ነው፣ አይገድልም አለ። ሻይና ድካም ያብሱታል። መድኃኒት ያለዝበዋል፣ አያድነውም።

"ቀኙስ?" አልኩት።

"በጊዜው እሱም ላይ ሊመጣ ይችላል። ዓመት፣ አምስት ዓመት፤ አይታወቅም።"

ይህን የምጽፈው በቀኜ ነው። ፊደሎቼን እያየኋቸው ነው የምጽፈው።

ሐምሌ 29፣ ሰኞ

ብረት ማቆሚያው ለጥቁሩ ሰሌዳ እንጂ ለመስተዋቱ አይሆንም። መስተዋቱ ጎባጣ ነው፤ ሁለቱም መርጫዎች አብረው መዞር አለባቸው። ሃያ አምስት ይቀሩናል፤ አንድ ወር አለን። ዶክተሯ "የደረሰውን አስረክበን እንዝጋው" አለች።

ቀማሚዋ ከሚዛኗ ቀና ሳትል "ግራውን እኔ እይዘዋለሁ" አለች።

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች።

"ለእሱ ብዬ አይደለም" አለች። "ፈሳሹ የእኔ ነው። በእኔ ፈሳሽ አልሠራ ያለ መስሎ እንዲዘጋ አልፈልግም።"

ነሐሴ 6፣ ሰኞ

ሳምንቱን ሙሉ በንጹህ ውሃ ተለማመድን። እኔ አሳያለሁ፣ እሷ ትይዛለች። ለሥራው ካልሆነ አታናግረኝም። "ከእጅ አንጓሽ አይደለም፣ ከትከሻሽ" እላለሁ። ታደርገዋለች። "ትንፋሽሽን አትያዢው፣ እያስወጣሽ ሂጂ" እላለሁ። ታስወጣለች። እኔም አስወጣለሁ። ሁለት ሰው አንድ ትንፋሽ እስኪሆን ድረስ እንቆጥራለን፤ ከዚያ ቁጥሩን እንተወዋለን።

ውሃው ጉም ሆኖ ክፍሉን ይሞላዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ በጉሙ ውስጥ ትንሽ ቀስተ ደመና ትቆማለች፣ በእኔና በእሷ መካከል። ሁለታችንም እናያታለን። ስለ እሷ አንነጋገርም።

ነሐሴ 14፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ተበላሹ። አራተኛው ሰማያዊ። አምስተኛው ሰማያዊ።

አራተኛው ላይ ቀለሙ ሲመጣ "ኧረ!" አለች፤ ሳታስበው። ሁልጊዜ ፈሳሹን ነው የምታውቀው፣ ቀለሙ በራሷ እጅ ሲወለድ አይታ አታውቅም ነበር። ከዚያ ትዝ አልኳትና ፊቷን አዞረች።

ነሐሴ 23፣ ሐሙስ

ሩጫ። በቀን ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት። እግሬ አበጠ። ሠላሳ አንድ ንጹህ።

ዶክተሯ ዛሬ ሪፖርቱን አነበበችልን። ሰባቱ ሞገድ ያለባቸው ለምን እንደተበላሹ ጽፋለች፤ የእኔን እጅ፣ የራሷን ስሕተት፣ የቀማሚዋ ልኬት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትክክል እንደነበር። "ስለ እጅዎ ይውጣ ካሉ አወጣዋለሁ" አለችኝ። ይቆይ አልኳት። ቀማሚዋ "የእኔን መስመር ድገሚልኝ" አለቻት። ዶክተሯ ደገመችላት። ቀማሚዋ ዓይኗን ጨፍና ነበር ያዳመጠችው።

ነሐሴ 28፣ ማክሰኞ

መጡ። መስተዋቶቹን የሚረከቡ ሦስት ሰዎች፤ አንደኛዋ ቀዶ ጥገና ሐኪም ናት፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ጥቂት የምትናገር። ሠላሳ አራት መስተዋት አቀረብን። አርባ አልሞላንም፤ ዶክተሯ ይህን ሳትደባብቅ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነገረቻቸው።

ሐኪሟ አንዱን መስተዋት በመቆንጠጫ ያዘችና የሚፈላ ውሃ ያለበት ማሰሮ አፍ ላይ አቆመችው። ያልተረጨ መስተዋትም አጠገቡ አቆመች። ያልተረጨው ወዲያው ታወረ። የእኛ፣ እንፋሎቱ እየመታው፣ ክፍት ሆኖ ቀረ። ከበስተጀርባው የሐኪሟ ዓይን ይታያል፤ ትልቅ፣ ጥርት ያለ። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ሌላ አነሳች። ሌላ። ከሠላሳ አራቱ ሁለቱን ወደ ጎን አደረገቻቸው፤ ሠላሳ ሁለቱን ሳጥን ውስጥ ከተተች።

"ማን ነው የረጨው?" አለች።

"ሁለታችን ነን" አልኩ።

"ሁለት ሰው? አንድ ላይ?" ገርሟት እኔንና ቀማሚዋን ተራ በተራ አየችን። "እንዴት ነው የምትናበቡት?"

"አንናበብም" አለች ቀማሚዋ። "አንነጋገርም ራሱ።"

ዶክተሯ ሳቀች። ከዚያ ሐኪሟ ሳቀች። ከዚያ እኔ፤ ከዚያ፣ ከእኔ በኋላ፣ ቀማሚዋ።

አርባ ባይሞላም ለክፍሉ አንድ ዓመት ተጨመረለት። ማሽኑ ከመጣ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ ሁለት ሰው።

ሲመሽ ከቀማሚዋ ጋር ደረጃውን ወረድን። ዝናቡ አባርቷል፤ በደረጃው መስኮቶች የሚገባው ብርሃን ወርቃማ ነበር፣ ፊቷም ግድግዳውም አንድ ቀለም ሆነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ቆመች።

"ይቅር አላልኩህም።"

"አውቃለሁ።"

"ዛሬ ስለሳቅን የተረሳ እንዳይመስልህ ብዬ ነው።"

"አልመሰለኝም።"

ሁለት ደረጃ ወረደችና እንደገና ቆመች። ቀና ብላ አላየችኝም፤ የደረጃውን ብረት እያየች ነበር።

"ሐኪሙ ቀኙም ላይ ሊመጣ ይችላል ብሎሃል አለችኝ ዶክተሯ።"

"ሊመጣ ይችላል።"

"እንግዲያው የቀኙንም አስተምረኝ" አለችኝ። "አሁን፣ ጊዜ እያለ።"

እሺ አልኳት። ነገ እንጀምራለን።